ዘይላን ያየ በወደብ አይፎክርም

ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በጥቅምት 2023 ስለ ቀይ ባሕር በቴሌቪዥን ሰፊ ንግግር ካደረጉ ወዲህ (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በየመድረኩ የሚሰማው ዜማ አንድ ሆኗል፤ የባሕር በር የህልውና ጉዳይ ነው ይባላል። አንዱ አሰብን ይጠራል፤ ሌላው ምጽዋን ይመኛል። በሌላ ሰው ልጅ ደም ቀረርቶ የሚያሰማውም ጥቂት አይደለም። በዚህ ሁሉ ጫጫታ መካከል የዘይላን ስም የሚያነሣ ብርቅ መሆኑ ይገርማል። ሸዋን ለብዙ መቶ ዓመታት ከባሕር ያገናኙት ዘይላና ጎረቤቷ ታጁራ ነበሩ። የዘይላን ዕጣ የመረመረ ሰው ስለ ወደብ ይናገር ይሆናል እንጂ አይፎክርም።

ዘይላ ዛሬ በሶማሌላንድ ምዕራባዊ ጫፍ፣ ከጅቡቲ ድንበር አጠገብ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በዘጠነኛው መቶ ዘመን የዐረብ ጸሐፊው አል-ያዕቁቢ ስሟን መዝግቧል። በ1331 ገደማ የጎበኛት ኢብን ባጡጣ ትልቅ የገበያ ከተማ መሆኗን መስክሮ፣ ከዓሣውና ከታረደው ግመል ደም የተነሣ ሽታዋ ቢከፋበት ሌሊቱን በመርከብ ላይ ማሳለፍን መረጠ። የደጋው የዝኆን ጥርስ፣ ዝባድና ቆዳ በእርሷ በኩል ይወጣ፣ የውጭው ጨርቅ በእርሷ በኩል ይገባ ነበር። ሰውም በባርነት ተሸጦባታል፤ ያለፈውን ስናወድስ ይህን መደበቅ አይገባንም።

ወደ ዘይላ በሰይፍ የሄደም ነበረ። በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የክርስቲያኑ መንግሥት ጦር እስከ ባሕሩ ዘልቆ ሱልጣን ሰዓደዲንን በዚያ ገደለ። ከድሉ ምን ተረፈ? በከተማዋ ፊት ለፊት ያሉት ደሴቶች እስከ ዛሬ የሚጠሩት በሟቹ ስም ነው። በ1517 ደግሞ ፖርቱጋሎች መጥተው አቃጠሏት። ነጋዴው ግን ተመልሶ ገበያውን አቆመ። ሰይፍና እሳት ያልገደሏትን ከተማ የገደላት ሌላ ነገር ነው።

ያን ለማየት ወደ ደጋው እንመለስ። ሥርወ መንግሥታቸው ከመንዝ የተነሣው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (1813–1847) ከባሕር ዳርቻ አንድ ስንዝር መሬት አልነበራቸውም። ይሁን እንጂ ከአንኮበር በታች ባለችው በአልዩ አምባ የሐረርና የባሕር ዳርቻው ነጋዴዎች ይሰፍሩ፣ ለንጉሡም ቀረጥ ይከፍሉ ነበር። የአሳል ሐይቅ ጨው በአፋር ግመል ተጭኖ ወደ ሸዋ ይወጣ ነበር። በ1841 ከብሪታንያ፣ በ1843 ከፈረንሳይ ጋር የተዋዋሉት እኒሁ ባሕር ያልነበራቸው ንጉሥ ናቸው። የመንግሥታቱ መልእክተኞች ከታጁራ ተነሥተው በረሓውን አቋርጠው የመጡት በደጋው የሚፈለግ ነገርና የሚታመን ገበያ ስለነበረ ነው።

ከዚያ ፈረንሳዮች በ1888 ጅቡቲን ቆረቆሩ። የምድር ባቡሩ ሥራ በ1897 ተጀመረ፤ ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ባቡሩ ሲመጣ የዘይላ ግመል ሥራ ፈታ፤ ዘይላ ደኸየች፤ አልዩ አምባም አብራት ደኸየች። አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል፤ ዘይላ ባሕሯን ለአንድ ቀን እንኳ አላጣችም። ያጣችው ደንበኛዋን ነው።

«የጥንት ታሪክ ነው» የሚል ካለ ወደ አሰብ ይመልከት። በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲፈነዳ የኢትዮጵያ ጭነት ከአሰብ ወጣ፤ ወደቡም ጭር አለ። ኤርትራ አሰብን ከነሙሉ ሉዓላዊነቷ ይዛለች፤ የሚራገፍ ዕቃ ከሌለ ግን ክሬኑ ምን ያነሣል? የምጽዋም ነገር ያው ነው። በ1990 በተካሄደው ውጊያና ከዚያ በኋላ በደርግ አየር ኃይል ድብደባ የፈራረሱት የቱርክና የግብፅ ዘመን ሕንፃዎቿ ዛሬም ፍርስራሽ ሆነው ይታያሉ። ምጽዋን «የእኛ ናት» ሲል የኖረ መንግሥት በቦምብ ደበደባት። ከተማን መውደድና የከተማን ካርታ መውደድ ለየቅል ናቸው።

እጅግ የሚያሳዝነው ግን ያለ ደም የተሰጠንን እንኳ መያዝ አለመቻላችን ነው። በመጋቢት 2018 ኢትዮጵያ በበርበራ ወደብ የ19 በመቶ ባለድርሻ እንደምትሆን ተነገረ። በ2022 የሶማሌላንድ ባለሥልጣናት ኢትዮጵያ ግዴታዋን ስላላሟላች ድርሻውን አጥታለች አሉ። ስለዚህ ነገር ሰልፍ የወጣ፣ ቀረርቶ ያሰማ አለ? ከዚያ በጥር 2024 ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ 20 ኪሎ ሜትር የባሕር ዳርቻ ለ50 ዓመት በሊዝ እንደሚገኝ ተወራ፤ ሶማሊያ ተቆጣች፤ ጎረቤት ሁሉ ተነሣሣ። በታኅሣሥ 2024 አንካራ ላይ ከሶማሊያ ጋር በተደረሰው ስምምነት ነገሩ ረገብ አለ። ውሉን በጸጥታ ፈጽሞ ገንዘቡን ከፍሎ ድርሻን መያዝ ሲቻል፣ በሆታ ጀምሮ በሽምግልና መጨረስ ምን የሚሉት ብልሃት ነው?

«ታዲያ ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ከ90 በመቶ በላይ ንግዷን በአንድ ወደብ አንጠልጥላ ትኑር?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አትኑር። በርበራንም፣ ላሙንም፣ ፖርት ሱዳንንም፣ ሰላም ሲወርድ አሰብንም በውል ትጠቀም። ብዙ በር ያለው ደንበኛ በየትኛውም በር ይከበራል። ወደብን በጦር መያዝ ግን ከ1998 እስከ 2000 በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆቻችንን ከሁለቱም ወገን የበላውን እሳት እንደገና መለኮስ ነው። በእሳት የተያዘ ወደብ ኢንሹራንሱ ይወደዳል፤ መርከቡም ይሸሸዋል።

እስቲ ደግሞ ከመሐል ሜዳ፣ ከራቤልና ከዓለም ከተማ ሆነን እንየው። የመንዝ ገበሬ ገብሱንና በጉን፣ የመርሐቤቴ ገበሬ ጤፉን ወደ ገበያ ያወጣል። ከባሕር ማዶ የሚጠብቀው ማዳበሪያ ነው። በ2023 የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው ሰልፍ ወጥተው ነበር። ያን ጊዜ የጅቡቲ ወደብ ተዘግቶ ነበርን? አልነበረም። በዚያው ዓመት በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል የተከፈተው ጦርነት ደግሞ ለሰሜን ሸዋም ተርፏል። ወደ ደብረ ብርሃን ገበያ ያለ ሥጋት መውረድ ያልቻለ ገበሬ በአሰብ ላይ ባንዲራ ቢሰቀልለት ምን ይፈይድለታል? ለዚያ ባንዲራ የሚዘምተው ልጁ መሆኑን ግን ማንም አይነግረውም።

የሸዋ ነገሥታት መንገዱን አስከብረው፣ ነጋዴውን በሃይማኖቱ ሳያሳድዱ ተቀብለው፣ ባሕር ሳይኖራቸው ከባሕር ማዶ ጋር ነገዱ። እኛ ግን ከሣሎን ሆነን ባሕር እንዘምታለን። መንግሥት በእውነት ለህልውናችን ከተጨነቀ በመጀመሪያ የውስጡን ጦርነት በድርድር ያቁም፤ ከዚያም የበርበራው ድርሻ ለምን እንደታጣ ለሕዝብ ያስረዳ። የደጋው መንገድ ሰላም ሲያገኝ፣ የሚጫን ምርት ሲተርፍና የተዋዋልነው ውል ሲከበር፣ ወደቦች ደንበኛ ፍለጋ እርስ በርስ ይሻማሉ። የዘይላ ፍርስራሽ የሚመሰክረው ይህንኑ ነው።