ማበረታቻ ሌላ፣ ደሞዝ ሌላ

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ ቃሌ ከከረረባችሁ ይቅርታ።

ትናንት እዚሁ ካኩማ ኬጂ የምታስተምር አንዲት እህታችን ሥራ ልታቆም እንደሆነ ነገረችኝ። ሻይና ሳምቡሳ ልትሸጥ ነው። «ልጆቹስ?» አልኳት። «የኔስ ልጆች?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ውጭ ያላችሁ ዘመዶቼ «አስተማሪ ሆኖ ደሞዝ ይበላል» ስትሉ እሰማለሁ። ደሞዝ አይደለም። ለስደተኛ አስተማሪ የሚከፈለው «ኢንሴንቲቭ» ይባላል፤ ማበረታቻ ማለት ነው። የሥራ ፈቃድ ስለሌለን የተፈለገ ስም ነው። ያንኑ ሥራ የሚሠራ ኬንያዊ ደሞዝ ይቀበላል፣ እኛ እንበረታታለን! ካኩማ የተመሠረተው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲበረታታ የኖረ ሕዝብ የት አለ? በ2021 የወጣው የኬንያ የስደተኞች ሕግ ሠርቶ የማደር መብት ጽፎልናል፤ ኢንሴንቲቩ ግን ዛሬም ኢንሴንቲቭ ነው።

ከዚህ ሁሉ ደግሞ የኬጂዎቹ ይብሳል። አንድ ቀን እሷ ክፍል ገብቼ ነበር። ከመቶ በላይ ሕፃን መሬት ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። አንዱ ሶማልኛ፣ አንዱ ዲንካ፣ አንዱ ኑዌር፣ አንዱ አማርኛ ይዞ ከቤቱ መጥቷል። እሷ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ታስጀምራቸዋለች፣ ሽንት ቤት ትወስዳለች፣ ኡጂ የምንለውን አጥሚት ታጠጣለች፣ አፍንጫ ትጠርጋለች፣ እርሳስ አያያዝ ታሳያለች። ረፋዱ ላይ ድምፅዋ ተዘግቷል። እኔ እዚያ ክፍል ግማሽ ቀን የምቆይ አይመስለኝም።

«ልጅ መጠበቅ ደግሞ ምን ሥራ ነው?» የሚለው ቢሮ ያለው ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋኝ። እኛም እንላለን። እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ባለፈው ጭማሪ ስንጠይቅ እኛ የሁለተኛ ደረጃዎቹ ዲፕሎማችንን እየቆጠርን የራሳችንን ብቻ አቀረብን። የኬጂዎቹ ከኋላ ተቀምጠው ነበር፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ አንዷ ልጇን ታጠባለች። ማንም «እናንተስ?» አላላቸውም። እኔም አላልኩም። ሁለተኛ ደረጃ ደርሶ አንድ አንቀጽ ማንበብ የሚያቅተው ተማሪ ሲገጥመኝ ግን መጀመሪያ የምወቅሰው እነሱን ነው።

ጥያቄው ይኸው፦ ለሥራው የሚመጥን ክፍያ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ረዳት፣ የወሊድ ፈቃድ ከነክፍያው፣ ወረቀቱ ከካምፕ ውጭም የሚያገለግል ሥልጠና። ባጀት የለም እንደሚሉን አውቃለሁ፤ ራሽን እንኳ ተቆርጧል። ታዲያ ጉድለቱን ሁልጊዜ የምትሸፍነው ይህችው ሴት መሆን አለባት?

ቅዳሜ ከሰዓት ስብሰባ አለ። ልጅ ኬጂ ያላችሁ ወላጆች ኑ፣ አባቶችም ጭምር። መጀመሪያ የማቀርበው የእነሱን ጥያቄ ነው። ቃሌን ካጠፍኩ እዚሁ ገጽ ላይ ጠይቁኝ።