ውሃው ምን አደረገ?

«የካርቱም ውሃ ፀጉር ይጨርሳል።» ይህን ወሬ መስማት ሰልችቶኛል! ካርቱም፣ ሶባ ውስጥ ሦስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ፀጉሬ በማበጠሪያ ሙሉ ይወጣ ነበር፤ እኔም እንደ ሌላው ውሃውን ረገምኩ። ግን በዚያው ቧንቧ የሚታጠቡት የአሠሪዬ ልጆች ሹሩባቸው ወገባቸው ይደርስ ነበር። ሶባን የሚያልፈውስ ዓባይ ከጣና የወጣው ያው ዓባይ አይደለም? ባሕር ዳር ላይ ፀጉር ያልነቀለ ውሃ እዚያ ሲደርስ ጥርስ አወጣ?

እዚያ ሰው ቤት የሠራን ሴቶች እውነቱን እናውቀዋለን። መናገር ነው የፈራነው። የበላነውን ልንገራችሁ፦ ጠዋት ስኳር የበዛበት ሻይ በዳቦ። ቀን ከተገኘ ፉል፣ ከላዩ ሻይ። ማታ ሻይ። ሥጋ? ጉበት? ለዓመት በዓል። ደመወዙስ? ሀገር ቤት!

ፀጉር የሚሠራው ከፕሮቲን ነው። ሰውነት ሲራብ ልብና አንጎልን ያስቀድማል፤ ፀጉርን ይተዋል። ደም ያነሳት ሴት ብረት ያስፈልጋታል፤ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ደግሞ የፉሉ ብረት ወደ ደሟ እንዳይገባ ይይዘዋል። ክፋቱ መዘግየቱ ነው። ረሃቡ ዛሬ፣ መርገፉ ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ። በጥር የተራበች ሴት ፀጉሯ በመጋቢት ይረግፋል፤ ያኔ ጥፋቱ የሚለጠፈው በውሃው፣ ካልሆነም በቡዳ ላይ ነው።

ሹሩባ ማጥበቅ ግንባር ይመልጣል፣ ወሊድና የእንቅርት ሕመምም ያረግፋሉ፤ አልካድኩም። ጾሙ ነው የምትሉኝን ግን አልሰማም። ምስርና ሽምብራን ማን ከለከለ?

ቅባት ሻጮቹስ! በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር መርገፉ ጤነኛ መሆኑን ሳይነግሩ ያስደነግጣሉ። የባዮቲን ክኒን ይሸጣሉ፤ የባዮቲን እጥረት እኮ ብርቅ ነው። ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ራሱ ፀጉር እንደሚያረግፍ ለገዢዋ ማን ነገራት? በየወሩ ለጠርሙስ የምታፈሰው ገንዘብ ደሟን ባስመረመረችበት ነበር።

ከሻጩ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የገዛ ቤተሰባችን ነው። በየወሩ «ላኪ» ይላል። «ጣሪያው ቀረ። የወንድምሽ ባጃጅ ቀረ።» ከዚያ የልጅቷን ፎቶ አይቶ «ምነው ፀጉርሽ? ዓይን በልቶሻል» ይላል። ምን እየበላች እንደላከች አንድ ቀን የጠየቀ አለ? ከልጅ ጉሮሮ በተነጠቀ ገንዘብ በተሠራ ቤት ተቀምጦ ቡዳ መፈለግ ምን ይባላል?

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ሸሽቼ በመተማ ገባሁ። ሀገሬ ላይ ምስር በሎሚ፣ እንቁላል፣ አንዳንዴም ጉበት በላሁ፤ የታዘዘልኝን የብረት ክኒን ጨረስኩ። ፀጉሬ በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል እያደገ ተመለሰ። የሶባ ደመወዜ በሠራው ቤት ሳሎን የተሰቀለው ፎቶዬ ላይ ግን ሻሽ አስሬያለሁ።