ቡናው ሲገባ መድረኩ ይከፈት

የመቱ፣ የጎሬ፣ የሁሩሙ፣ የያዮና የቡሬ ወላጆችና መምህራን! ልጆቻችንን «ዝም በል፣ ዝም በይ» እያልን አሳደግናቸው። ከዚያ ሰሌዳ ፊት ቆመው መልስ ሲጠየቁ ለምን አንገታቸውን እንደሚደፉ እንገረማለን። ያንኑ አንገት ደፊ ልጅ እስቲ ጋቢ አልብሳችሁ፣ ከዘራ አስይዛችሁ ሽማግሌ ሆኖ እንዲጫወት አድርጉት። ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከዘራውን መሬት ላይ ይመታል፣ የተጣሉትን ያስታርቃል። ጓደኛው ቃሉ ሲጠፋው ደግሞ ሹክ ይለዋል፤ ፈተና ላይ እንዲህ ቢያደርግ ይቀጣ ነበር። በዚያ ላይ የኢሉባቦር ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ከኋላ ወንበር የሚሰማ ድምፅ ያለው ልጅ የትም አገር ቢሄድ አያፍርም።

ቴአትር ለትምህርት ቤት እንግዳ አይደለም። ዮፍታሔ ንጉሤ መምህር ነበር፤ ለተማሪዎቹ ይደርስ ነበር። ጸጋዬ ገብረ መድኅን አምቦ ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ሁለት ወንድማማቾች ቴአትር ጽፎ ሲታይ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከተመልካቾቹ አንዱ ነበሩ። አምቦ ያኔ ከዛሬዋ መቱ አትበልጥም ነበር።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክዋኔና የዕይታ ጥበባትን ራሱን የቻለ ትምህርት አድርጎታል። ርእሳነ መምህራን ሆይ፣ ፈተና ሲቃረብ ይህን ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ማካካሻ አትስጡብን!

ኅዳርና ታኅሣሥ ቡና ለቀማ ነው፤ ልጆችም ከማሳው አይጠፉም። ስለዚህ የትምህርት ቤት ቴአትሩን ጥር ላይ እንጀምር። የጎሬ ልጆች መቱ መጥተው ያሳዩ፣ የመቱ ልጆች ያዮ ይውረዱ። በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይሁን። የአያቶቻቸውን ጌረርሳ የሚያውቁ ልጆችና በ1977 ድርቅ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች የልጅ ልጆች አንድ መድረክ ላይ ሲቆሙ ማየት እንፈልጋለን።

የደርግን ኪነት የምታስታውሱ አትስጉ፤ ያ ለመፈክር ነበር፣ ይህ የልጆቹ ነው። ከተማ አስተዳደሮች የአዳራሹን ቁልፍ ስጡን። መቱ ዩኒቨርሲቲ፣ የቋንቋ መምህራንህንና ተማሪዎችህን በቅዳሜ ልምምድ አሰማራልን። ቡና ነጋዴዎች፣ ለሕፃናቱ መኪና አትንፈጉ። እናቶች፣ ነጠላና ጀበና አውሱን። አንተም አንባቢ፣ በሚቀጥለው የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ እጅህን አውጣና «የልጆቻችን ቴአትር መቼ ነው?» በል። ቀን ሳይቆረጥም ከስብሰባው አትውጣ።