ማንአለብኝ ጀርመን ሊሄድ ነው

«ውሻም ፓስፖርት ያወጣል?» አለኝ ወዳጄ፣ ገና ወንበሩን ሳይስብ።

«ፓስፖርት አይደለም፤ የጤና ምስክር ወረቀት ነው» አልሁት።

«ያው ነው። የኔ ልጅ ለቪዛ ስንት ጊዜ ደጅ ጠንቶ የሰጡት ግማሽ ገጽ ደብዳቤ ነው። ‹ተመልሰህ እንደምትመጣ አላመንንም› ይላል። ይኸን ውሻ ግን ትመለሳለህ ወይ ብለው ይጠይቁታል?»

«አይጠይቁትም።»

«እንግዲያው ልጄን ውሻ አድርጌ ልላከው በለኛ» ብሎ ጠላውን አነሣ። ጨዋታው ሳይሞቅ ተሸነፍሁ።

ነገሩ የተነሣው በማንአለብኝ ነው። ማንአለብኝ እዚህ ይፋግ፣ ከአስፋልቱ ዝቅ ብሎ ያለውን ግቢ የሚጠብቅ ውሻ ነው። ባለቤቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ስሙን ያወጡለት ከአጥር ጎረቤታቸው ጋር በድንበር በተካሰሱበት ዓመት ነበር። ማታ ማታ «ማንአለብኝ! አንተ ማንአለብኝ! ዛሬም አልጠገብህም?» እያሉ ሲጣሩ መልእክቱ ለማን እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። እሳቸው ባለፈው ጾም ዐረፉ። ጀርመን የምትኖረው ልጃቸው ለተዝካሩ መጣች። ላሟን ሸጠች፣ የቤቱን ዕቃ ለዘመድ አከፋፈለች፤ ውሻው ጋ ስትደርስ አቃታት። «ይዤው እሄዳለሁ» አለች። የሥራ ዕረፍቷ አምስት ሳምንት ነው።

እኔ አምስት ሳምንት አይበቃትም ባይ ነኝ። ውሻ ይዞ ባሕር መሻገር የሚያስብ ሰው የራሱን ቲኬት ሳይቆርጥ የውሻውን ቀን ይቁጠር። ብዙው ሰው ገንዘቡን አሰናድቶ፣ ሳጥኑን ገዝቶ፣ ሐኪሙን ለምኖ፣ መጨረሻ ላይ ቀን አንሶት ይወድቃል።

«ምን የሚቆጠር ቀን አለው?» አለ ወዳጄ። «መርፌ ወግተው፣ ማኅተም መትተው አይሸኙትም?»

«መጀመሪያ ቺፕ ይገባለታል። ከማጅራቱ ዝቅ ብሎ፣ ከቆዳው ሥር። የሩዝ ፍሬ ነው የምታክለው።»

«የፎገራው ሩዝ ወይስ የውጩ?»

«አንተ ቀልድ። ቁጥር አለባት፤ 15 አኃዝ። ማንበቢያውን ሲያስጠጉባት ቁጥሯን ትናገራለች፤ ሌላ ሥራ የላትም። ባትሪ የላት፣ የት እንዳለ አትከታተል።»

ወዳጄ ጠላውን አስቀመጠ። «ስድስት መቶ ስድሳ ስድስት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ኧረ በእመብርሃን! 15 አኃዝ ነው አልሁህ። 666 ሦስት ነው።»

«አምስት ጊዜ ቢደጋገምስ?»

ቆጠርሁት። ልክ ነው፣ አሥራ አምስት ይመጣል። ከዚህ ሰው ጋር ሒሳብ መነጋገር አይገባም።

ወደ መርፌው ገባሁ። ልጅቱ በመጣች በሳምንቷ ውሻውን ወስዳ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስወግታዋለች። ቺፕ አልነበረም፤ «ሲመጣ እናስገባለታለን» ብለዋት ተመለሰች። የትኛው ከተማ፣ የትኛው ሐኪም የሚለውን ልተወው። ሆኖም ለአውሮፓ ያ መርፌ እንዳልተወጋ ነው የሚቆጠር። ቺፑ ወይ ቀድሞ፣ ወይ በዚያው ቀን መግባት አለበት።

«ለምን? መድኃኒቱ እኮ ደሙ ውስጥ ገብቷል!»

«ገብቷል። ግን የማን ደም ውስጥ? መርፌው ሲወጋ ውሻው ቁጥር አልነበረውም። ነገ ሌላ ቡላ ውሻ አምጥታ ይኸው ነው ብትልስ?»

«መታወቂያ ሳትይዝ የቀበሌ ስኳር እንደማይሰጥህ በለኛ» አለ። እንዲህ በአንድ ቃል የሚገባው ሰው እኮ ነው፤ ሲፈልግ።

«አዎ። እንደገና ይወጋል። ከዚያ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደም ይቀዳል። ደሙ ተጣርቶ አውሮፓ ወዳጸደቀው ላቦራቶሪ ይላካል፤ አሜሪካን አገር ካንሳስ አንድ አለ፣ ሌላም አገር አለ። ክትባቱ መያዙን የሚለኩት እዚያ ነው።»

«ደሙ ከሱ ቀድሞ አሜሪካ ይገባል?»

«ይገባል።»

«ደሙም ቪዛ አገኘ!» ብሎ ጭኑን መታ። «ወንድሜ፣ ድሮ ስንቱ እንስሳ ያለ ወረቀት ወጣ። ማን ቁጥር ጠየቀው?»

«ይፋግ ላይ ተቀምጠህ በኬላ ትገረማለህ? ነጋዴ አሞሌውን ጭኖ እዚህ ሲደርስ ቀረጥ ሳይከፍል አልፎ ያውቃል?»

«ለአሞሌው ከፈለ። ለውሻው ከፈለ?»

ይኼን ጊዜ ያለ ወረቀት የወጣች አንዲት እንስሳ ትዝ አለችኝና ሳልጠየቅ ወደ ድመት ገባሁ። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከወደቁ በኋላ ናፒየር ከመራው የእንግሊዝ ጦር ጋር አንዲት ድመት እንግሊዝ አገር ገብታለች ይባላል። የአንድ መኮንን ሚስት ንብረት ነበረች። ስሟ ዙላ፤ ጦሩ ከመርከብ የወረደበት ወደብ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 በታተመ የድመት መጽሐፍ ሥዕሏ አለ፤ ከጦርነቱ በኋላ ከአቢሲኒያ የመጣች ይላል። ዛሬ በዓለም ሁሉ «አቢሲኒያን» እየተባለ በውድ የሚሸጠው የድመት ዘር ታሪኩ የሚጀመረው ከሷ ነው።

ወዳጄ ፊቱ ተለወጠ። «መጽሐፉን ወሰዱ፣ ታቦቱን ወሰዱ፣ ሕፃኑን ዓለማየሁን ወሰዱ። ድመትም አልቀረቻቸውም?»

«ቆይ፣ አልጨረስሁም። የዘር ሐረጉን የመረመሩት ሰዎች ድመቱ የኛ አይደለም ይላሉ። ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ ወደ እስያ ይወስዱታል። ሆላንድ ላይደን ሙዚየም ውስጥ ይህችኑ የምትመስል የደረቀች ድመት አለች፤ ከመቅደላ 30 ዓመት ያህል በፊት የተገዛች። አገሯ ሕንድ ተብሎ ተጽፎባታል።»

«የናፒየር ጦር ከየት ነበር የመጣው?»

«ከቦምቤ።»

«ዝሆኑንስ ከየት አመጡት?»

«ከሕንድ።»

«44 ዝሆን በመርከብ ጭኖ የመጣ ጦር አንዲት ድመት መጨመር ያቅተዋል? ዙላ ወደብ ላይ ይዘዋት ወረዱ፣ ይዘዋት ተመለሱ። እኛ ስሟን ብቻ አበደርናቸው።»

ማስረጃ የለውም። እኔም የምመልስለት አልነበረኝም። ስለ ዙላ ካነበብሁት ሁሉ ይልቅ የሱ ግምት ልቤን ወሰደው፤ ይኼን ግን አልነገርሁትም።

«ወደ ውሻው እንመለስ» አልሁት። «ደሙ ከተቀዳ ጀምሮ ሦስት ወር ይጠብቃል። ከዚያ በፊት አውሮፓ አይገባም።»

«አሁንስ አበዛኸው! መርፌውን ወጉት፣ ደሙን ለኩት፣ ሠርቷል አሉ። ሦስት ወር ምን ያደርግላቸዋል?»

«ክትባቱ ወደፊት የሚነክሰውን ነው የሚከላከል። ከመርፌው በፊት ያበደ ውሻ ነክሶት እንደሆነስ? ይኼ በሽታ በገባ ማግሥት አይታይም። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ተደብቆ ይቆያል። የደም ምርመራው ጥሩ ቢሆንም በሽታው ውስጥ ውስጡን እየሄደ ሊሆን ይችላል። ሦስቱ ወር የሚሰጠው የተደበቀ ነገር ካለ እንዲወጣ ነው።»

ወዳጄ ጥቂት ዝም አለና «አባቴ አርባ ቀን ነበር የሚጠብቅ» አለ።

«ምኑን?»

«ውሻችንን ያልታወቀ ውሻ ሲነክስብን ጎተራው ሥር አስሮ አርባ ቀን ይቆጥራል። ልጅ አይጠጋውም፣ ምግቡን በእንጨት ገፋ አድርጎ ነው። አርባው ሲሞላ ይፈታዋል። አንዱ ግን በሃያ ምናምኑ ቀን አበደበት። ከመገደሉ በፊት እኔን ነክሶኛል፤ ይኸው» ብሎ ሱሪውን ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ አደረገ። ስንት ዓመት ስንጨዋወት ያን ጠባሳ አይቼው አላውቅም።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መርፌ። በየቀኑ፣ ሆዴ ላይ። አሥራ አራት ቆጥሬያለሁ። ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ነበር።»

ያኔ መድኃኒቱ ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ ነበር፤ አዲስ አበባ፣ ሰው ፓስተር እያለ በሚጠራው መሥሪያ ቤት። አሁን ክንድ ላይ የሚወጋ የተሻለ ክትባት አለ፤ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ ፈጥኖ ለሄደ ሰው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን ለሰውም ለውሻም የሚያድን የለም። በዓለም ላይ በዓመት 59 ሺህ ያህል ሰው እንደሚሞትበት ይገመታል፤ ለሰው የሚያስተላልፈው ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ውሻ ነው። ጀርመኖች ወረቀት ስለወደዱ አይደለም ልጅቱን የሚያስቸግሯት። ከአገራቸው ውሾች ነቅለው ያጠፉትን በሽታ ማንአለብኝ በአውሮፕላን እንዳይመልስባቸው ነው።

ይኼን ሁሉ ነገርሁት። አሳመንሁት ብዬ ጠላዬን አነሣሁ።

«እሽ» አለ። «ጀርመን ራሱን ጠበቀ፤ ደግ አደረገ። ይፋግን ማን ይጠብቃት?»

«እንዴት?»

«ለማንአለብኝ የተገኘው መርፌ ለሰፈሩ ውሻ ለምን አልተገኘም? እዚያ ሉካንዳው በር ላይ የሚተኙትን ቁጠራቸው። አንዱ ተከትቧል?»

የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል እንደሚል ነገርሁት። ባሌ ተራሮችንም አነሣሁለት። እዚያ በሽታው ከእረኛ ውሾች እየተሻገረ ቀይ ቀበሮውን ደጋግሞ ፈጅቶታል፤ ስለዚህ በፓርኩ ዙሪያ ያሉትን ውሾች በዘመቻ ይከትባሉ። በዓለም የቀረው ቀይ ቀበሮ ከ500 ስለሚያንስ።

«ለቀበሮው ሲሉ ውሻ ከተቡ» አለና አንድ ጣቱን አጠፈ። «ለጀርመን ሲሉ ውሻ ከተቡ።» ሁለተኛውን አጠፈ። ሦስተኛውን ጣቱን ሳያጥፍ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ቀሰረው።

ጠላው አለቀ። ሌላ ታዘዘ።

ነገሩን ለማለሳለስ ስለ ሳጥኑ ጀመርሁ። ቀን ታስሮ ማታ የሚፈታ ውሻ ሳጥን ምን እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ ዛሬውኑ ተገዝቶ ግቢው ውስጥ በሩ ተከፍቶ ይቀመጥ፤ ምግቡን እዚያ ውስጥ ይብላ፣ የሟቿ ነጠላ ይነጠፍለት። ጆሮው ጣሪያ ሳይነካ መቆም፣ መዞር፣ ተዘርግቶ መተኛት መቻል አለበት። ማስተኛ ክኒን አይሰጠው፤ ሰማይ ላይ ትንፋሹ ቢያጥረው የሚደርስለት የለም።

«ሰው ራሱ እኮ ጠጥቶ ነው የሚሳፈር» አለ። «ይልቅ ከዚህ ባሕር ዳር፣ ከዚያ አዲስ አበባ ማን ያደርሰዋል? መንገዱን ታውቀዋለህ።»

አውቀዋለሁ። ሁለታችንም አስፋልቱን አየነው።

«ደግሞስ ልጅቱ በአምስት ሳምንቷ ትሄዳለች። አራት ወር ሲሞላ ውሻው ብቻውን ይበራል?»

የፈራሁት ጥያቄ ነበር። ሰው ወክላ ልትልከው ትችላለች፤ ግን እሷ ራሷ ከተጓዘች በአምስት ቀን ውስጥ ካልሆነ እንደ ንግድ ዕቃ ይቆጠራል፣ ደንቡም ይጠብቃል። ወይ ተመልሳ መምጣት ነው። የመንግሥት ሐኪሙ ማኅተም ያለበት ወረቀትም ከሚደርስበት ቀን በፊት ባሉት 10 ቀናት ውስጥ የተሰጠ መሆን አለበት፤ ቀድሞ ተሠርቶ አይቀመጥም።

«ሁለት ቲኬት!» አለ። «በዚያ ገንዘብ የመንደሩ ውሻ ሁሉ አይከተብም?»

«እናቷ ናት እኮ የሞተችባት።»

ይኼን ስለው ዝም አለ። ከዚያ «ድመት ቢሆንስ?» አለኝ ለስለስ ብሎ።

«ለአውሮፓ ያው ነው። አሜሪካ ቢሆን ይቀላት ነበር፤ ፌዴራሉ ከድመት የዚህን በሽታ ክትባት ማስረጃ አይጠይቅም። ውሻውን ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ አጥብቀውበታል። ስድስት ወር ያልሞላው አይገባም፣ ያለ ቺፕ አይገባም፤ እንደኛ አገር በሽታው ካለበት አገር የተከተበ ሲሆን ደግሞ ሌላም ወረቀት አለበት።»

ልጅቱ እንድሞላላት የሰጠችኝን የመረጃ ወረቀት ከኪሴ አወጣሁ። ስም፦ ማንአለብኝ። ጾታ፦ ወንድ። ዘር፦ የአበሻ ውሻ። የትውልድ ቀን፦ ወዳጄ «ድንበሩ በተለካ በሳምንቱ» አለ፤ የጥር ወር ብለን ተስማማን። ቀለም ላይ ስንደርስ ተጣላን።

«ቡላ» አልሁ እኔ።

«ዳማ ነው። የፈረስ ዳማ አይተህ አታውቅም?»

«ዳማ የሚቀላው ነው!»

«ይቀላል እኮ! ፀሐይ ላይ እየው።»

ተነሥተን ሄድን። ስንደርስ መሽቷል፤ ውሻው ተፈትቶ በሩ ላይ ቆሟል፤ ጥርሱ እንጂ ቀለሙ አይታይም። ወዳጄ ሊያባብለው «ማንአለብኝ! አንተ ማንአለብኝ!» ብሎ ተጣራ።

ከአጥሩ ማዶ በር ተከፈተ። ጎረቤትየው ጋቢውን እንደተከናነበ ባትሪ ይዞ ወጣ። «ኧረ ተዉኝ እናንተ ሰዎች! እሳቸው ሞተውም አልበቃኝም?»

«አንተን አይደለም» አለ ወዳጄ። «ይልቅ የዚህ ውሻ ቀለሙ ምንድን ነው?»

ሰውየው ባትሪውን በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ውሻው ላከ። ብዙ ዓመት ያየው እሱ ነው።

«ዳለቻ» አለ።