የጉና ውርጭና የነጋዴው ሒሳብ

መስከረም አልፎ የክረምቱ ደመና ሲገፈፍ፣ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ ዐይኑን ወደ ሰማይ ያነሣል። ነጋዴው ግን የሚመለከተው የገበያውን ዋጋ ብቻ ነው። የገበያው ዋጋ የሚወለደው ከሰማዩ ጠባይ ስለሆነ ይህ ልማድ መታረም ይገባዋል እንላለን።

እንደሚታወቀው የእነዚህ ወረዳዎች አየር አንድ ዐይነት አይደለም። የጉና ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4000 ሜትር ይበልጣል፤ የስማዳ ቆላ ደግሞ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ ይወርዳል። በላይ ጋይንት የምትገኘው የነፋስ መውጫ ከተማ ስሟ ራሱ ስለ አየሯ ይመሰክራል። በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ሲል፣ ምድር የቀኑን ሙቀት ስለምትለቅ ቀዝቃዛው አየር በረባዳው ላይ ይተኛል። በዚህ ጊዜ ዘግይቶ የተዘራ ገብስ፣ ባቄላና ድንች በውርጭ ይመታል። በአንጻሩ ያለወቅቱ ዝናብ ቢጥል፣ በአውድማ ያለ ጤፍ ይበላሻል፤ ለመድረቅ የተዘረጋ ቆዳም ይሸታል።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ዓመቱን በበጋ፣ በበልግና በክረምት ከፍሎ የየወቅቱን ትንበያ ያወጣል። የበጋው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ጊዜ የሚመለከት ሲሆን፣ ዝናቡ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉን ያመለክታል።

«ትንበያ ይሳሳታል» የሚሉ ነጋዴዎች አሉ። ይህ እውነት ነው፤ ትንበያ የዕድል መጠን እንጂ ውል አይደለምና። ነገር ግን ነጋዴ የሚገዛውም የሚሸጠውም በግምት አይደለምን? በ2007 ዓ.ም. ክረምት ኤልኒኞ የተባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ሙቀት የአገራችንን ዝናብ አጓድሎ፣ በ2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ ርዳታ እንደሚያስፈልገው ተገልጾ ነበር። እጅግ ሩቅ የሆነ ባሕር የእኛን ጎተራ የሚያጎድል ከሆነ፣ የሱቃችንንም መደርደሪያ መንካቱ አይቀርም።

ስለዚህ ባለሱቁ እስከ አዝመራ የሚቆይ ዱቤ ከመስጠቱ በፊት ትንበያውን ይመልከት። አስመጪው ገበሬው ከሽያጭ በኋላ የሚገዛውን ቆርቆሮና ጨርቅ ሲያዝ፣ ትዕዛዙን በሁለት ጊዜ ይክፈለው። ላኪውም ጥራጥሬ ለማስረከብ ሲዋዋል፣ ከአንድ ወረዳ ብቻ እንደሚሰበስብ አድርጎ አይፈርም፤ ደጋው ሲመታ ቆላው ሊተርፍ ይችላልና።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እናሳስባለን። ክፉ ዘመን መምጣቱን አስቀድሞ የሰማ ነጋዴ እህል ሰብስቦ ቢቆልፍ፣ ዕውቀቱን በወገኑ ላይ አዞረ ማለት ነው። ትንበያው የተሰጠው ከወረታ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ ወደ ወልድያ በሚያልፈው መንገድ እህል ከተረፈበት ወደ ጎደለበት በጊዜ እንዲደርስ ነው። ይህ ለሕዝቡ ደኅንነት፣ ለነጋዴውም ሐቀኛ ትርፍ ነው። ዛሬ ተርቦ በሬውን የሸጠ ገበሬ ለከርሞ ደንበኛ አይሆንም።

ምክር ቤታችንም በየጥቅምቱ የበጋውን ትንበያ አሳጥሮና በቀላል አማርኛ ጽፎ፣ በዚህ ሳምንታዊ ጋዜጣ ከዋጋ ዝርዝሩ አጠገብ ቢያወጣው፣ ወጪው አነስተኛ፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ይሆናል።