«ሕክምናው አለቀ» ስንል የምንረሳው ነገር



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በጀመዓችን የታመመን መጠየቅ የቆየ ልማድ ነው። አንድ ሰው ሆስፒታል ሲገባ ገንዘብ እናዋጣለን፣ በተራ እናስታምማለን፣ ዱዓ እናደርጋለን። አልሐምዱሊላህ፣ በዚህ አንታማም። ባለፈው ዓመት የአንድ ወንድማችን አባት ላይ የደረሰው ግን ጉድለታችንን አሳይቶናል።

እኚህ አባት የሳንባ ካንሰር ተገኝቶባቸው ከክፍለ ሀገር መጡ። ቀዶ ሕክምናውንም ኬሞውንም ጨረሱ። «አላህ ዓፊያ ያድርግዎት» ብለን ሸኘናቸው፤ ከዚያ በኋላ ማናችንም አልደወልንም። የስድስት ወር ቀጠሯቸው ሲደርስ የመሳፈሪያውና የሲቲ ስካኑ ወጪ አሳሰባቸው። «አሁን ደህና ነኝ፣ ልጆቹን አላስቸግርም» ብለው ቀሩ። ሳል ሲጀምራቸው ብርድ ነው ተባለ። ሲመለሱ በሽታው ቀድሟቸው ነበር።

የሳንባ ካንሰር ሕክምና የመጨረሻው ኬሞ በተሰጠበት ቀን አያበቃም። በሽታው ከተመለሰ በአብዛኛው የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ በእነዚህ ዓመታት በየ6 ወሩ፣ ከዚያም በየዓመቱ የደረት ሲቲ ስካን ያዛሉ። ክትትሉ ካንሰሩን ብቻ አይመለከትም። የጨረር ሕክምና ከወራት በኋላ ሳንባን ሊያስቆጣ፣ ኬሞውም የእጅና የእግር መደንዘዝ ሊያስከትል ይችላል። የማይለቅ ሳል፣ ደም ያለበት አክታ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአጥንት ሕመም፣ አዲስ የራስ ምታትና ክብደት መቀነስ ከታዩ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

«አላህ ካሻረው ምን ምርመራ ያስፈልጋል?» የሚሉ አሉ። ግመልን ማሰርና ተወኩል እንደማይጋጩ ግን ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። ሌሎች «እኛ ተማሪዎች ነን፣ ከየት አምጥተን?» ይላሉ። እውነት ነው፣ የሲቲ ስካኑን ወጪ ሁሌ መሸፈን አንችልም። ነገር ግን እኚያን አባት ያስቀራቸው የገንዘብ እጥረት ብቻ ሳይሆን ሸክም እንሆናለን የሚል ሐሳብም ነው። ይህን ደግሞ አንድ የስልክ ጥሪ ሊያቀለው ይችላል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የዚያራ ኮሚቴያችን የጠየቃቸውን ሕሙማን የቀጠሮ ቀን በመዝገብ ይያዝ፤ ከሳምንት በፊትም ይደወልላቸው። ሁለተኛ፣ ከሩቅ የሚመጣን ታካሚ ካርድ ከማውጣት ጀምሮ ውጤት እስከመቀበል አብሮት የሚውል ተማሪ ይመደብ፤ የሕክምና ተማሪዎቻችን ቢቀድሙ ደስ ይለናል። ሦስተኛ፣ ከሰደቃ ሣጥናችን ጥቂቱ ለመሳፈሪያ ይለይ።

አንድ ነገር ለራሳችንም እንበል። ለሳንባ ካንሰር ዋነኛው መንስኤ ትምባሆ ነው። ከሕክምና በኋላም ማጨስ ማቆም ለታካሚው ከፍተኛ ጥቅም አለው። ለአባቶቻችን ሳንባ ዱዓ እያደረግን ማታ ከግቢ ውጭ ሺሻ ቤት የምንቀመጥ ካለን፣ ቆም ብለን እናስብ።

እኚያ አባት አሁን እንደገና ሕክምና ላይ ናቸው። የሚቀጥለው ቀጠሯቸው በፈተና ሳምንት ላይ ውሏል። ኢንሻአላህ፣ በዚያ ቀን ብቻቸውን ወረፋ አይጠብቁም። አላህ ሕሙማኖቻችንን በሙሉ ያሽርልን። አሚን።