«አንቀጽ 17ን ጻፍሽ፤ አንቀጽ 3ስ?»

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ። ኢንቦክስ «ምነው ጠፋሽ?» ስትሉኝ ለከረማችሁም መልሱ እዚሁ ውስጥ አለ።

አልጠፋሁም፤ ተማሪ ሆኛለሁ። በ46 ዓመቴ እዚሁ ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ታሪክ እየተማርኩ ነው። ጠዋት ኢስሊ እንጀራ እጋግራለሁ፣ ማታ ክፍል እገባለሁ፣ ሌሊት ኤሴይ ከሚባል ነገር ጋር እታገላለሁ። እንጀራው ይሻላል፤ ቢያንስ ዓይን ማውጣቱን ታዩታላችሁ።

የመጀመሪያው አሳይመንት የውጫሌ ውል ነበር። ርዕሱን ሳይ ሳቅሁ። ይህንን እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ! የአማርኛው አንቀጽ 17 ምኒልክ ከፈለጉ በጣልያን በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መላላክ ይችላሉ ይላል፣ የጣልያንኛው ደግሞ ግዴታ ያደርገዋል፤ ተታለልን፣ ተቆጣን፣ ዐድዋ ላይ አሳየናቸው። በሁለት ሌሊት ስምንት ገጽ ጻፍኩ። ልጄ እንግሊዝኛውን አቃናችልኝ። አስረከብኩ።

38 ከ100።

መምህሩ ከሥር የጻፈው ሁለት ነገር ነው። አንዱ «ይህ ንግግር ነው፤ መከራከሪያሽ ምንድን ነው?» የሚል ነበር። ሁለተኛው አሳፈረኝ፦ «ውሉ በ1889 ተፈርሞ በዚያው በ1889 ነው የተሰረዘው?»

ምን ሆኜ መሰላችሁ? ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም ነው፤ በፈረንጆቹ 1889። የተሰረዘው ከዐድዋ በኋላ በአዲስ አበባው ውል ነው፤ እሱ በፈረንጆቹ ጥቅምት 1896፣ በእኛ ግን 1889። ሁለቱን አቆጣጠር ደባልቄ ሰባት ዓመት አጠፋሁ።

በንዴት ማታቱ ውስጥ አለቀስኩ። «ይሄ ሰውዬ ሐበሻ ይጠላል» ብዬም ደመደምኩ።

በማግስቱ ፎቅ አብረውኝ ለሚኖሩ ኤርትራዊ ሽማግሌ፣ አቦይ ብዬ ለምጠራቸው፣ ወረቀቱን አነበብኩላቸው። ያጽናኑኛል ብዬ ነበር። ዝም ብለው ሰሙና «ጓለይ፣ ስለ አንቀጽ 17 ይህን ሁሉ ጻፍሽ፤ ስለ አንቀጽ 3ስ?» አሉኝ።

አንቀጽ 3? እኔ እንጃ! ከ17 ውጭ ሌላ አንቀጽ መኖሩንም አስቤው አላውቅም።

ሄጄ አነበብኩ። አንቀጽ 3 የወሰን አንቀጽ ነው። ሐላይ፣ ሰገነይቲና አስመራ በጣልያን በኩል እንዲሆኑ የተስማማንበት። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ካረፉ ገና ሁለት ወር አልሞላም ነበር፤ ምኒልክ ዙፋናቸውን ማጽናት፣ መሣሪያ ማግኘትና መታወቅ ይፈልጉ ነበር። ጣልያን ደግሞ በ1890 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ኤርትራን ቅኝ ግዛቴ ብላ አወጀች። ከዐድዋ ድል በኋላ ውጫሌ ሲሰረዝም ኤርትራ ከጣልያን እጅ አልወጣችም። ለእኔ በድል የሚያልቀው ታሪክ ለአቦይ በቅኝ ግዛት የሚጀምር ታሪክ ነው። ሁለታችንም የምናወራው ስለ አንድ ወረቀት ነው።

አንቀጽ 17ም ቢሆን እንደማስበው ቀላል ሆኖ አልተገኘም። ሩበንሰን የሚባል ስዊድናዊና ጂልዮ የሚባል ጣልያናዊ የታሪክ ሊቃውንት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚህ አንድ አንቀጽ ላይ በመጽሔት ተመላልሰው ተከራክረዋል። አንቶኔሊ ምን አስቦ ነበር? በሁለቱ ቋንቋ መካከል ያለውን ልዩነት ማን ያውቅ ነበር? እኔ በሁለት ሌሊት የጨረስኩትን እነሱ ዓመታት ፈጅተውበታል።

እዚህ ጋ ነው ለእናንተ መናገር የፈለግኩት ነገር የሚጀምረው።

እኛ ስደተኞች ታሪክ መናገር የተማርነው ቃለ መጠይቅ ክፍል ውስጥ ነው። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እኔ የታሰርኩበትን ዓመት በእኛ አቆጣጠር ተናገርኩ፤ አስተርጓሚው ሳይቀይረው ቀረ፤ ፋይሌ ላይ ሰባት ዓመት ተዛባ። «ታሪክሽ አይገጥምም» ተባልኩ። ያንን ለማስተካከል ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ለመድኩ፦ ታሪኬን በአንድ መንገድ ብቻ፣ ሳላመነታ፣ «አላስታውስም» ሳልል መናገር። ለአዲስ መጪዎችም ይህንኑ ስመክር ኖሬአለሁ። አልሳሳትኩም፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ማመንታት ኬዝ ያበላሻል።

ግን ያ ልማድ ከክፍሉ ወጥቶ ቤታችን ገብቷል። ስለ አገራችን ስናወራ ሁላችንም ኬዝ የምናቀርብ ሆነናል። ሁሉም የራሱን በደል ይዞ ይቀርባል፣ የሌላውን «አይገጥምም» ይላል። ባለፈው ስለ አንቀጽ 3 እዚሁ ገጽ ላይ አጭር ነገር ብጽፍ ግማሻችሁ «ከሃዲ» አላችሁኝ፤ ሌላው ግማሽ «አሁን ገና ገባሽ?» ብሎ ሰደበኝ። አንድም ሰው «የት አነበብሽው?» ብሎ አልጠየቀኝም። መምህሩ ግን የጠየቀኝ እሱን ብቻ ነው።

«ታዲያ ወረቀት የሌለው ምስክርነት ዋጋ የለውም?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ጠይቄ ነበር። መልሱን ያገኘሁት እዚሁ ከኬንያ ነው። የማው ማው ዘመን አዛውንቶች በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ካምፖች የደረሰባቸውን ግፍ ለአሥርተ ዓመታት ተናገሩ። ብዙ ሰው «ማስረጃ የለም» አለ። ለንደን ፍርድ ቤት ቀርበው ሲከራከሩ፣ በ2011፣ ከቅኝ ግዛቶች ተጭነው የሄዱ በሺዎች የሚቆጠሩ ፋይሎች ሀንስሎፕ ፓርክ በሚባል የመንግሥት ግቢ ተደብቀው መኖራቸው ወጣ። በ2013 የእንግሊዝ መንግሥት መጸጸቱን ገልጾ ለ5,228 ሰዎች 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ። ወረቀቱ ተደብቆ ሳለ እውነቱን ይዘው ያቆዩት ሽማግሌዎቹ ነበሩ። በፍርድ ቤት ያጸናላቸው ደግሞ ወረቀቱ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ስለዚህ ልመናዬ ይኸው።

አልጋ ሥር ያስቀመጣችሁትን የወረቀት ፌስታል አትጣሉ። የድሮ መታወቂያ፣ የካምፕ ካርድ፣ ደብዳቤ፣ ፎቶ፤ ነገ የሆነ ልጅ ኤሴይ የሚጽፍበት እሱ ነው። ፎቶው ጀርባ ላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፤ ዓ.ም ወይም እ.ኤ.አ. መሆኑን ለዩ። እኔን ያየ ይቀጣ።

አዛውንቶቻችሁን በስልካችሁ ቅዱ። የሚያኮራችሁን ብቻ አይደለም፤ የማይመቻችሁንም። «እማማ፣ ያኔ ጎረቤቶቻችን ምን ሆኑ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ልጆቻችሁንም ለትምህርት ግፉ። በዓለም ላይ ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድል ያገኘው ስደተኛ ከጥቂት ዓመታት በፊት 1 ከመቶ ነበር፤ በ2023 7 ከመቶ ደርሷል፤ ዩኤንኤችሲአር በ2030 15 ለማድረስ አቅዷል። ዳፊ የሚባለው ስኮላርሺፕ ከ1992 ጀምሮ አለ። የዕድሜ ገደብ ስላለው እኔን አልፎኛል፤ ልጆቻችሁን ግን ገና አላለፋቸውም።

«ፕሮሰስሽ ቢያልቅና ብትሄጂ ዲግሪው ምን ያደርግልሻል?» የምትሉኝም አላችሁ። ፕሮሰሴ መቼ እንደሚያልቅ አላውቅም፤ እየጠበቅኩ ግን ማርጀቴ አይቀርም። ሳነብ ማርጀትን መረጥኩ።

ኤሴዩን እንደገና ጻፍኩት። አንቀጽ 17ና 3ን ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ የማላውቀው ቦታ ላይ «ይህ ግልጽ አይደለም» ብዬ። ያንን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ መኮንኑ ፊት የተቀመጥኩ መስሎኝ። 57 አገኘሁ። አቦይ ሰምተው «ገና ነሽ፤ አሁን ግን ቤቴ ቡና ጠጪ» አሉኝ።

ዓርብ ሌላ አሳይመንት አለብኝ። እስከዚያ ልጁን ማስመዝገብ የሚፈልግ ኢንቦክስ ይጻፍልኝ፤ የማውቀውን አሳያለሁ። ኮመንት ላይ ልትቃወሙኝ የምትፈልጉም ተቃወሙ፤ የት እንዳነበባችሁት ግን ጻፉልኝ።

ቸር ያሰማን።